አውራ ዶሮ ያሰርኩበት ሰማያዊ ገመድ

አውራ ዶሮዬ የጎረቤቴን የጎመን ችግኝ ሲጭር ያየሁት ዕለት አሰርኩት። ጎረቤቴስ «ተይው እቴ፣ ዶሮ አይደል፣ ምን ያውቃል?» ነበር ያለችኝ። እሱ ባያውቅ እኔ አውቃለሁ። የሰው ልፋት በእኔ ዶሮ እግር ሲበተን እያየሁ ዝም ካልኩ፣ ነገ የእሷ በግ ጓሮዬ ቢገባ በምን አፌ እናገራለሁ?

መጀመሪያ በልጥ አሰርኩት፤ ነቁሮ ነቁሮ በጠሰው። በእራፊ ጨርቅ አሰርኩት፤ እግሩን አሹልኮ ወጣ። ከዚያ የልጅ ልጄ አልጋ ራስጌ ሚስማር ላይ ተጠቅልሎ የተሰቀለ ገመድ አየሁ። እንደ መቀነት ጠፍጣፋ ነው። ቀለሙ ሰማያዊ፣ ዝናብ ካባራ በኋላ ያለውን ሰማይ ይመስላል። አንዱ ጫፉ ላይ እንደ መስተዋት የጠራች ፕላስቲክ አለች፤ በሌላው ጫፍ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ብረት አለው። ቤት ስጠርግ ሁልጊዜ አየዋለሁ፤ ሁልጊዜም ሥራ ፈትቶ ተሰቅሏል። ለእግር አይሻክርም፣ በአፍ አይበጠስም። ይኸማ ለዶሮዬ የተሠራ ነው አልኩና አሰርኩት። ዶሮውም ተስማማው መሰለኝ፣ ከዚያ ወዲያ አልታገለም።

የልጅ ልጄን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እናቷ ባሕር ዳር ሥራ አግኝታ ስትሄድ ልጅቱ ገና ዳዴ ትል ነበር፤ እዚሁ ፍኖተ ሰላም በእኔ ጉያ አደገች። አፏን የፈታችው ዘግይታ ነው። ከፈታችም በኋላ ቃሉ ከንፈሯ ላይ ይደርስና ይያዝባታል። አጣድፈው ሲጠይቋት ይብስባታል። ዝም ብሎ ለጠበቃት ግን የምትለውን ሁሉ ትላለች፤ ያውም አፈ ቀላል ከሚባሉት ይልቅ የተጣራ ነገር ትናገራለች። ቤታችን ውስጥ እሷ ስትናገር ሰዓት አይታይም። ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እንግዳም ቢመጣ በዚሁ ሕግ ይተዳደራል።

ትምህርት ቤት ግን የእኔ ሕግ አይሠራም። «ተብታቢት» እያሉ ያሾፉባት ነበር። አንድ ቀን መምህሯ ጥያቄ ጠየቃት፤ መልሱን ጀምራ ሳትጨርስ «ተቀመጪ፣ አታውቂውም» ብሎ ዜሮ ሰጣት። ታውቀው ነበር። ማታ እቤት ቁጭ አድርጌ ስጠይቃት አንድም ሳታጎድል ነገረችኝ። በማግስቱ ሄድኩ።

«መምህር፣ የጠየቋትን ታውቀዋለች» አልኩት።

«እናቴ፣ ክፍሉ እኮ በተማሪ ተጨናንቋል። ለአንዷ ብዬ እስከ መቼ ልጠብቅ?»

«እግረ ሽባ ምእመን ወደ ቅዳሴ ሲመጣ ቄሱ በር ይዘጉበታል?»

«አይዘጉበትም።»

«ታዲያ እርስዎ ከቄሱ በምን ቸኮሉ?»

ሳቀ። ከዚያ በኋላ ጠበቃት። ክፉ ሰው ሆኖ አልነበረም፤ ቸኩሎ ነው። ብዙ ግፍ የሚሠራው በክፋት ሳይሆን በችኮላ ነው።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ እናቷን በጀርባዬ አዝዬ ነው። ስለዚህ ኮሌጅ ገብታ የኔትወርክ ጥገና እማራለሁ ስትለኝ ምን እንደሆነ አልገባኝም። ኮምፒውተር ሰውን «ቶሎ በይ» ስለማይል ይሆናል የወደደችው ብዬ አሰብኩ። ተመርቃ ቡሬ በአንድ የገበሬዎች ማኅበር ጽሕፈት ቤት በሙከራ ተቀጠረች። እዚያው ቤት ተከራይታ ትሰነብትና ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ እኔ ትመጣለች። የሙከራው ጊዜ ሲያልቅ ይገመግሟታል፤ ወይ ቋሚ ትሆናለች ወይ ትሰናበታለች።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ምን እንደምትሠራ አስረጂኝ አልኳት።

«እምዬ፣ ዕቃዎቹ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በኔትወርክ ነው። እኔም እሩቅ ተቀምጬ በኔትወርኩ በኩል አናግራቸዋለሁ። ኔትወርኩ ራሱ የጠፋ ቀንስ በምን አናግራቸው?»

«በምን?»

«አጠገባቸው ሄጄ ነዋ። እያንዳንዱ ዕቃ ለብቻዋ የተሠራች አንዲት በር አለችው፤ ኮንሶል ትባላለች። በሷ ገመድ እሰካለሁ፤ ሌላኛውን ጫፍ የእኔ ላፕቶፕ ላይ። ያኔ ማንም መሀላችን ሳይገባ ይነግረኛል።»

«እንደ ባልና ሚስት ጠብ በይኛ። መልእክተኛው ሁሉ ሲሰለች፣ አስታራቂ ራሱ ሄዶ እግሩን አጥፎ ይቀመጥና 'እስቲ ካንተው አፍ ልስማ' ይላል።»

«እሱ ነው እምዬ! ለፈተና እንዲህ ብዬ ብጽፈው ኖሮ!»

ነገሩ ገባኝ። ገመዱን ግን አላሳየችኝም። ሚስማር ላይ የተንጠለጠለው እሱ ይሁን አይሁን በምን ልወቅ?

ዶሮው በታሰረ ሰሞን፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ስልክ ደወለች። ሳነሳው ቃል የለም፤ ትንፋሿ ብቻ ይሰማል። ሌላ ሰው ቢሆን «ሃሎ፣ ሃሎ» ብሎ ይዘጋዋል። እኔ ቁጭ አልኩና ጠበቅኩ።

«እምዬ፣ ሲስተም የለም» አለች በመጨረሻ።

ሲስተም የለም ማለት ምን እንደሆነ በአገራችን የማያውቅ የለም። ባንክ ስንሄድ ይሉናል፣ መብራት ልንከፍል ስንሄድ ይሉናል። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው ለመመለስ የተፈጠረ ሰበብ ይመስለኝ ነበር። ለካ ከወዲያ በኩል ሆኖ የሚጨነቅበት ሰውም አለ።

ቀስ እያለች ነገረችኝ። ከጠዋት ጀምሮ የጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር አንዱ ካንዱ አልገናኝ ብሏል። ገበሬው ለማዳበሪያ ከየቀበሌው መጥቶ ቅጥሩን ሞልቶታል፤ ስሙ ኮምፒውተር ውስጥ ስለሆነ ሳይታይ አንድ ከረጢት አይወጣም። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ «አርብ ዕለት የነካካሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺ ነሽ ያበላሸሽው» ብሏታል። ልታስረዳው ስትጀምር ቃሉ ተያዘባት። እሱ ዝምታዋን እንደ እምነት ቃል ቆጠረው።

«ከሰዓት በኋላ ደግሞ ግምገማዬ ነው» አለችኝ።

 ባልተናገረችው ሊፈርዱባት ነው!

«አሁን ምን ይሁንልሽ?»

«የኮንሶል ገመዴን እዚያ ረስቼዋለሁ። ኔትወርኩ ስለሌለ ያለሱ ዕቃውን ላናግረው አልችልም። ሰማያዊ ነው፣ ጠፍጣፋ…»

በበሩ አሻግሬ ወደ ጓሮ አየሁ። ዶሮውም አንገቱን አዙሮ አየኝ።

«አለ» አልኩ።

«የት ነው ያለው?»

«እግር ላይ።»

«የማን እግር?»

«ተይው፣ አሁን እፈታዋለሁ።»

«በሚኒባስ ሹፌር ይላኩልኝ እምዬ፤ እኔ መናኸሪያ ወጥቼ እቀበለዋለሁ።»

«ሹፌር ማንኩሳ ላይ ሻይ ልጠጣ ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። እኔው አመጣዋለሁ።»

ዶሮው የሚፈታ መሆኑን ሲያውቅ ያልታገለውን ሁሉ ታገለኝ። ቋጠሮው ጠብቋል፤ ስስበው አንዲት ነገር ቀጭ አለች። የዚያች የጠራች ፕላስቲክ ጆሮ ነበረች፤ ተሰብራ መሬት ወደቀች። ለጊዜው ትንሽ ነገር መሰለችኝ። ገመዱን በነጠላዬ ጫፍ ጠራርጌ ወደ ብብቴ ከተትኩ፤ ዶሮውን ቅርጫት ደፋሁበትና ወጣሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ የተጫነ በርበሬ ነበር፤ ቡሬ እስክንገባ ድረስ ስናስነጥስ ሄድን። በማስነጠሱ መካከል ወሬው ሁሉ ዝናብና ማዳበሪያ ነው። «ዘንድሮ ቀድሞ ገባ» ይላል አንዱ። «እሱማ ገባ፣ እኛ ነን የዘገየነው» ይላል ሌላው። ልጄን የሚጠብቃት ሰው ምን ያህል እንደቸገረው ያኔ ገባኝ። ገበሬውም እውነት አለው፤ እሷም እውነት አላት። እንዲህ ያለ ነገር ነው የሚከብደኝ። አንዱ ውሸታም ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ!

ከጽሕፈት ቤቱ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ቆመዋል። ካፖርት ለብሰዋል፣ ዱላቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠዋል።

«ይቁሙ እናቴ። ሰልፉ በወዲያ ነው።»

«ማዳበሪያ አልፈልግም። የልጅ ልጄ ዘንድ ነኝ፤ እዚህ የኮምፒውተር ሠራተኛ ናት።»

«ያችኛዋ ዝምተኛዋ?»

«ዝምተኛ አይደለችም። ሰሚ አጥታ ነው።»

«ይሁን፣ ይፈተሹ። ምን ይዘዋል?»

«ገመድ።»

«ገመድ ይዞ ቢሮ መግባት ምን አመጣው?»

«በሬ ካገኘሁ ላስርበት።»

«እዚህ በሬ የለም።»

«ገብቼ ልየው፤ ካለ ስወጣ እነግርዎታለሁ።»

ሳቃቸውን በካፖርታቸው ኮሌታ ሸሸጉና አሳለፉኝ። እሳቸውም እንደኔው የገጠር ሰው መሆናቸውን በአነጋገራቸው አወቅኩ።

ልጄ ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ በምትገኝ ጠባብ ክፍል ውስጥ ካርቶን ላይ ቁጭ ብላለች። ስታየኝ ተነሥታ ጉልበቴን ሳመችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። ግድግዳው ላይ ዝቅ ብሎ በሩ የተከፈተ የብረት ሳጥን አለ፤ ውስጡ ክንድ የሚያህል ጠፍጣፋ ዕቃ ተቀምጧል። ፊቱ ላይ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ ከየቀዳዳው ገመድ ይወጣል። ከየቀዳዳው በላይ ያሉት ትንንሽ መብራቶች ሁሉም በአንድነት፣ ጋኔን እንደያዘው ሰው፣ ያለ ዕረፍት ይርገበገባሉ።

«ስዊች ይባላል» አለችኝ። «የቢሮው ኮምፒውተር ሁሉ የሚገናኘው በዚህ ነው።»

ገመዱን ተቀብላኝ ጫፉን አየችው፤ አሸተተችው።

«እምዬ፣ ምን ምን ይላል ይኸ?»

«ዶሮ ዶሮ።»

አልተቆጣችም። ለብቻዋ በተሠራችው በር ሰካችው፤ ተንሸራቶ ወጣ። ደግማ ሰካችው፤ ደግሞ ወጣ። ቀጭ ብላ የወደቀችው ጆሮ ገመዱን አንቃ የምትይዘው ኖራለች።

«እኔ ነኝ የሰበርኳት» አልኩ። «እኔው እይዘዋለሁ።»

ካርቶኑ ላይ አስቀምጣኝ አውራ ጣቴን ገመዱ ላይ አሳረፈችልኝ። «እንዲህ ገፋ አድርገው ይያዙልኝ። ልቀቁ እስክልዎት እንዳይለቁት።» ከዚያ ሌላ ነገር ልትል ጀመረችና ተያዘባት። ጠበቅኩ። «ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ሲመጣ ዝም ይበሉ። እኔ ልናገር።»

«ዝም?»

«ዝም። ስለ እኔ ሁልጊዜ እርስዎ ከተናገሩ፣ እኔን ማን ይሰማኛል?»

ይኸ ነገር ልቤን ወጋ አደረገኝ፤ እውነት ስለሆነ። እሺ አልኩ። እጄን ብትጠይቀኝ ቀላል ነው፤ አፌን ነው የጠየቀችኝ።

ላፕቶፑ ላይ አንድ ጥቁር መስኮት ከፈተች። መጻፊያው ላይ ስትነካ መልስ መጣ፤ ግን ምን መልስ ነው! ፊደል አይሉት፣ ቁጥር አይሉት፤ ጭረት፣ ሳጥን፣ ጥያቄ ምልክት ተደበላልቆ ይግተለተላል።

«ተብታባ ነው እንዴ?» አልኩ። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ምላሴን ነከስኩ።

እሷ ግን ሳቀች። በዚያ ቀን የመጀመሪያዋ ሳቅ መሆኗን አውቃለሁ። «አይደለም እምዬ። አሰማሜ ነው ልክ ያልሆነው። እሱ የሚናገርበት የራሱ ፍጥነት አለው፤ የእኔ ኮምፒውተር ከሱ ፈጥኖ ሲሰማ ነው እንዲህ የሚዘባረቀው። ዝግ ላድርገው።»

«ዝግታው ምን ያህል ነው?»

«በሰከንድ ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ምልክት።»

«ይኸ ነው ዝግታው?»

«ይኸ ነው ዝግታው።»

አንድ ነገር ለወጠች። እውነትም እንግሊዝኛው ጥሩ አራሽ እንዳወጣው ትልም ቀጥ ብሎ፣ መስመር በመስመር ይወርድ ጀመር። እኔ አላነበውም፤ ያማረ መሆኑን ግን አይቻለሁ። እሷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች። ያው አንድ ነገር ደጋግሞ የሚወርድ ይመስላል።

«ምን ይልሻል?»

«ያው አንድ ኮምፒውተር በሰባተኛውም በዐሥራ አንደኛውም ቀዳዳ ይታየኛል፤ አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ፤ የት እንዳለ ጠፋኝ ነው የሚለው።»

«አንዱ እንዴት ሁለት ቦታ ይቆማል?»

«አይቆምም። የሆነ ቦታ ገመድ ዞሮ እዚሁ ገብቷል። ከዚህ የወጣው መልእክት ዞሮ ይመለሳል፤ እንደገና ይወጣል፤ እንደገና ይመለሳል። ቢሮው በገዛ ጩኸቱ ደንቁሯል እምዬ።»

ይህን ስትል በሩ ተከፈተ። ሥራ አስኪያጁ ነው፤ ወጣትነቱን የጨረሰ፣ ላቡ በግንባሩ የሚወርድ ሰው። ውጭ የገበሬው ድምፅ አብሮት ገባ። እኔን አየና ግራ ተጋብቶ እጅ ነሣ፤ ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

«አገኘሽው?»

ልጄ አፏን ከፈተች። ቃሉ ተያዘባት።

«ገበሬው እኮ ፀሐይ ላይ ነው! ከጠዋት ጀምሮ ስጠይቅሽ መልስ የለሽም። ቆይ፣ አጥፍቼ ላብራው፤ የሚሻለው እሱ ነው።»

ጎንበስ ብሎ የሶኬቱን ገመድ ያዘ። ልጄ እጇን ዘረጋች፤ ድምፅ ግን አልወጣትም። ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔ ዝም ልል ቃል ገብቻለሁ። አውራ ጣቴ ተይዟል፣ መነሣት አልችልም። ታዲያ ከሆዴ የወጣው እኔ የፈጠርኩት ቃል አይደለም፤ የአገር ቃል ነው፦

«በሕግ አምላክ!»

በእኛ አገር ይህን ቃል የሰማ ሰው፣ ዱላ አንሥቶ ቢሆን እንኳ፣ እጁን አየር ላይ ይተዋል። አባቶቻችን በዚህ ቃል ስንት ደም አቁመዋል። ሥራ አስኪያጁም ክራቫት ቢያስር የገበሬ ልጅ ነው። እጁ ሶኬቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«እናቴ፣ ምን ሆኑ?» አለ።

«እኔ ምንም አልሆንኩ» አልኩና በአገጬ ወደ ሳጥኑ አመለከትኩት። «እሱ ግን እየተናገረ ነው። ተናጋሪ ሳይጨርስ አይቋረጥም። እሷም አልጨረሰችም።»

ከዚያ ወዲያ አፌን ዘጋሁ። ስንት ነገር ነበረኝ! ስለ ችኮላ፣ ስለ ፍርድ፣ ስለ ዜሮው መምህር። ሁሉንም ዋጥኩት።

 ልጄ ተነፈሰች። የመጀመሪያው ቃል አሁንም ተያዘባት፤ ሥራ አስኪያጁ ሊጨርስላት አፉን ከፈተ፤ ዓይኔን አየና ዘጋው። ጠበቃት። ቃሉ መጣ።

«ካጠፉት አሁን የሚነግረኝን እናጣለን። ሲነሣም ያው ጩኸት ይጀምራል። አርብ እዚህ ሳጥን ውስጥ የነካሁትን ጨርሼ አይቼዋለሁ፣ ደኅና ነው። ሰባትና ዐሥራ አንድ ሁለቱም ወደ አዳራሹ የሚሄዱ ናቸው። ዐሥራ አንድን ከዚሁ ልዝጋው። ከዚያ አዳራሹን እንይ።»

ሥራ አስኪያጁ ሶኬቱን ለቀቀ። ካርቶኑ አጠገብ ቁጢጥ አለና «ዝጊው በይ» አለ፤ በሹክሹክታ ማለት ይቻላል።

ጻፈች። ያ ሲርገበገብ የነበረው መብራት ሁሉ አንድ ጊዜ ጠፋ ብሎ፣ እንደ ተኛ ሕፃን ትንፋሽ ረጋ ብሎ መብራት ጀመረ። ጥቂት ቆይቶ ከፊት ለፊት ካለው ቢሮ አንዲት ሴት «ሲስተም መጣ!» ብላ ስትጮኽ ሰማን። ገበሬው ልክ እንደ ሠርግ እልል አለ።

እልልታው ሲበርድ ዘበኛው በሩ ላይ ቆመዋል። ባርኔጣቸውን አውልቀዋል።

«ጌታዬ፣ ከውጭ ሆኜ ሰማሁ። አዳራሹ ውስጥ ያለውን ያደረግኩት እኔ ነኝ» አሉ።

«ምን አደረጉ አባቴ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ትናንት ለዛሬው ስብሰባ አዳራሹን ስጠርግ፣ አንድ ገመድ ጫፉ ሜዳ ላይ ተጥሏል። ሌላው ጫፍ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። ጫፉ ያልታሰረ ገመድ ከብት ይጠልፋል፣ ሰው ይጥላል። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ግድግዳው ላይ ልክ የሱ መጠን የሆነ ሌላ ቀዳዳ አገኘሁ። ሰካሁት። ቀጭ ሲል ደስ አለኝ፤ ቤቱን ያሳመርኩ መሰለኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ፊቱ ተለወጠ። ከጠዋት ጀምሮ የሚፈልገው ጥፋተኛ በእግሩ መጥቶ ፊቱ ቆመ። «አባቴ፣ ያልተነገርዎትን ለምን ይነካሉ? ይህን ሁሉ ሕዝብ እኮ…»

እዚህ ላይ ልቤ ለሁለት ተከፈለ። ልጄ ነፃ ወጣች፤ የመጣሁበት ጉዳይ አለቀ። ዝም ብል ማንም አይወቅሰኝም፤ እንዲያውም ዝም በይ ተብያለሁ። ግን ለልጄ የጠየቅኩትን ፍርድ ሽማግሌውን ልንፈጋቸው? ወደ ልጄ አየሁ። ቀድማኝ ተነሥታ ነበር።

«ጫፉን ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ» አለች። ምንም አልተያዘባትም። «ለስብሰባው ላፕቶፕ ይሰካበታል ብዬ አርብ ዘረጋሁት። አባባን አይንኩት ያልኳቸው ነገር የለም።»

«ገመድ ብላችሁ ነው የጠራችሁት» አልኩ እኔም፤ ከዚህ በላይ መቻል አልቻልኩም። «ገመድ ያየ የገጠር ሰው ያስራል። እኔ አውራ ዶሮ አስሬበት መጥቻለሁ። እሳቸው ከሚቀጡ ከእኔ ይጀመር።»

«ዶሮ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«አሽተው እስቲ» አልኩት፤ አንቱታውን በንዴት ረሳሁት።

እውነትም ጎንበስ ብሎ አሸተተ። ከዚያ ሳቁ አመለጠው። ዘበኛውም ሳቁ። «ኧረ ለዚህ ነው በር ላይ 'በሬ ላስርበት' ያሉኝ!» አሉ፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ሥራ አስኪያጁ ሲረጋጋ ወደ ልጄ ዞረ። «ጠዋት ልትነግሪኝ የፈለግሽው ይህን ነበር?»

«ከፊሉን። ከዕቃው አፍ ሳልሰማ እርግጠኛ አልነበርኩም።»

«እኔ ነኝ ያልሰማሁ» አለ፤ መሬት መሬት እያየ። «ነይ እንውጣ። ገበሬው ለምን እንደቆመ ከኔ ሳይሆን ከአንቺ ይስማ።»

ደነገጠች። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት! ወደ እኔ ዞረች። ሂጂ አልኳት፣ በዓይኔ። ዘበኛው ዱላቸውን አንሥተው መንገድ ሊያስለቅቁ ቀደሙ። ሁሉም ወጡ።

እኔ ቀረሁ። ከጭንቅላቴ በላይ ትንሽ መስኮት አለች፤ አላይም፣ እሰማለሁ። ሥራ አስኪያጁ «ወገኖቼ፣ አንዴ ጸጥ በሉ፤ ባለሙያችን ታስረዳችኋለች» አለ። ጸጥ አሉ። ከዚያ ምንም የለም። ምንም። ዝምታው ረዘመ። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ኧረ እመቤቴ፣ አሁን የሚስቅ ሰው ይመጣል አልኩ።

ከሕዝቡ መሀል የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ተሰማ። «ቀስ በይ ልጄ። እኛ እኮ ዝናብ ስንጠብቅ የኖርን ሰዎች ነን፤ ቃል መጠበቅ አያቅተንም።»

ሳቁ፤ በእሷ ላይ ሳይሆን ለእሷ። ከዚያ ድምፅዋ ወጣ። የጠፋው ነገር ምን እንደነበረ፣ አሁን እንደተገኘ፣ ስማቸው አንድም እንዳልጠፋ፣ በየቀበሌያቸው እንደሚጠሩ ነገረቻቸው። መሀል ላይ ሁለት ቦታ ቆመች፤ ጠበቋት። ዘበኛው ስላደረጉት ነገር ምንም አላለችም። ስትጨርስ መረቋት፤ ምርቃቱ ከንግግሯ ረዘመ። ሥራ አስኪያጁ ቀጠለና «ሙከራ ላይ ናት ሲባል ለሰማችሁ፣ ሙከራዋን አሁን ፊታችሁ ጨረሰች፤ ከእንግዲህ የቤታችን ቋሚ ሠራተኛ ናት» አለ። ያኔ ዘበኛው ከሁሉ ቀድመው «አሜን!» ሲሉ ሰማሁ።

ከረጢት መጫን ተጀመረ። አህያ አናፋ፤ ሰው በስሙ ይጠራል፣ «አቤት!» ይላል። እኔ ያለሁበት ክፍል ቀዝቀዝ ማለት ጀመረ። አውራ ጣቴ ደነዘዘ፤ ክንዴ ዝሎ በሌላኛው እጄ ደገፍኩት።

ልጄ እየሮጠች ገባች። ፊቷ ሁሉ ጥርስ ሆኗል። አየችኝና ቆመች።

«እምዬ! ገና ይዘውታል?»

«ልቀቁ እስክልዎት እንዳይለቁት አላልሽኝም?»

አጠገቤ ተንበረከከች። መጀመሪያ ልትናገር ሞከረች፤ ተያዘባት። ጠበቅኩ። ቃል አልመጣም፤ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ጣቴን ግን አላነሣሁም።

«ይልቀቁት» አለች በመጨረሻ።

ለቀቅኩት።